በንፋስ የቆመ መኪና

ከደብረ ታቦር ልወጣ ስል ወንድሜን የተሰናበትሁት እግሩን ብቻ እያየሁ ነው። ሌላው አካሉ ከጭነት መኪና ሥር ነበር።

መሸት ብሏል። ጎረቤቱ ግቢያችንን ሞልቶት አንዱ ይመርቀኛል፣ አንዱ ያለቅስልኛል፣ አንዱ ደግሞ ገና ከአጥሩ ሳልወጣ "እንግዲህ ለእኛም ልጅ ቪዛ እንዳትረሳ" ይለኛል። እናቴ ሽሮውን በፌስታል ላይ ፌስታል እየደረበች ታስራለች። ጋሼ አስማረ ግን ከመካከላቸው የለም። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አባታችን በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገኝም፣ መካኒክነቱን ያስተማረኝም እሱ ነው። ጋራዣችን ወደ ገሳይ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለው የግቢያችን ግማሽ ነው፤ ከቤታችን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ሄጄ ሳይ አንድ ሹፌር በጧት ድንች እጭናለሁ ብሎ አጣድፎት የላላ የባሌስትራ ቡሎን እያጠበቀለት ነው። ባሌስትራ፣ ለማታውቁት፣ ከመኪናው ሥር ተደራርቦ ታስሮ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከም ጠፍጣፋ ብረት ነው። የወንድሜ ሁለት እግሮች ብቻ፣ ካልሲ በሌለው ሸራ ጫማ፣ ከመኪናው ሥር ወጥተው ይታያሉ።

"ጋሼ፣ ልሄድ ነው" አልሁት።

"ደረሰ?"

"ደረሰ። የባሕር ዳሩ ሚኒባስ በር ላይ ቆሟል።"

እግሩ ትንሽ ተነቃነቀ። ሊወጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አልወጣም። አፍንጫውን ሲስብ ስሰማ ነው ለምን እንዳልወጣ የገባኝ። ጋሼ በሰው ፊት አልቅሶ አያውቅም።

"ጎማው ታኮ አለው?" አለኝ በመጨረሻ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ተወትፈዋል።

"አለው ጋሼ።"

"በል ሂድ። እግዜር ይከተልህ።"

የእኛ አገር መካኒክ ይህን ጥያቄ ሲሰማ አይገርመውም። ደብረ ታቦር ላይ ሜዳ ፈልጉና አሳዩኝ! ግቢው ዳገት፣ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ስለዚህ የምንፈራው መኪናው እንዳይንሸራተት ብቻ ነው። ድንጋይ ፈልገህ ጎማው ሥር ትወትፋለህ፣ እሱ ነው ታኮ፤ ከዚያ አማትበህ ትገባለህ። ጎማ ካልወለቀ በቀር ክሪክ የሚያነሣ፣ ድጋፍ የሚያቆም የለም። መኪናው ባሌስትራው ላይ ቆሟል፣ ባሌስትራ ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ የት ይሄዳል? ከሥሩ ምሳ በልቶ እንቅልፍ የሚወስደውም ሰው አውቃለሁ። "ባሌስትራ አይከዳም" ይላል ጋሼ፤ እኔም ይህችን ቃል ከሽሮው ጋር ይዤ ወጣሁ።

ቦሌ ላይ ፓስፖርቴን ያየው ሰውዬ ፊቴንና ፎቶዬን እያፈራረቀ ሲያይ ቆየ።

"ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?"

"መካኒክ ነኝ።"

"ምነው፣ እዚህ የተበላሸ መኪና አለቀብህ?" አለና ማኅተሙን ጧ አድርጎ መታው። እኔ እንደ ሞኝ "አላለቀም ጌታዬ" ብዬ መለስሁለት፤ እሱም ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

አረብ አገር፣ ሻርጃ ስወርድ ፊቴን የመታኝ ወላፈን የአውሮፕላኑ ሞተር መስሎኝ ወደ ጎን ሸሸት አልሁ። ከጎንም ያው ነው። ጥቂት ራቅሁ፤ አሁንም ያው ነው። ለካስ የአገሩ አየር ኖሯል! በሐምሌ ጭጋግ ጋቢ ደርቦ እሳት ሲሞቅ ያደገ ሰው ይህን እንዴት ይቻለው? ሰው እንደዚህ ባለ አገር ይኖራል ብሎ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር አላምነውም ነበር። ሰዉ ግን ይስቃል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሻዩም የሚያቃጥል ትኩስ ነው።

ማደሪያ ተብሎ የተሰጠኝ ቤድ ስፔስ ይባላል። ስሙን ስሰማ ክፍል መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከተደራራቢ አልጋ ላይኛው ብቻ ነው የእኔ። አከራዩ ከሕንድ ኬረላ የመጣ፣ ሁልጊዜ የጥርስ እንጨት አፉ ላይ የማይጠፋ ሽማግሌ ነው። እኔ በተሰባበረ አረብኛ፣ እሱም በተሰባበረ አረብኛ እናወራለን።

"መስኮቱ የት ነው?" አልሁት።

"መስኮት ምን ያደርግልሃል?"

"አየር እንዲገባ።"

"ኤሲ አለ።"

"ኤሲው እኮ አይሠራም።"

"የተበላሸ ነገር እሠራለሁ ብለህ አይደል የመጣኸው?" አለኝና ሄደ።

የእናቴን ሽሮ የሠራሁ ቀን ደግሞ በርበሬው ዘይት ሲነካ ፎቁ በሙሉ ማሳል ጀመረ። አንዱ ጋዝ ፈሰሰ ብሎ ጮኸ። አከራዩ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ መጣና "ምንድን ነው ይሄ?" አለኝ። "ምግብ ነው፣ ሽንብራ ተፈጭቶ" አልሁት። "ታዲያ ሽንብራ ከሆነ ሰዎቹ ለምን ያለቅሳሉ?" አለኝ። ድስቱን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ በዳቦ በላሁት። የጎረቤት ሰው ማዕድ ሲቀርብ "እንብላ" ሲባባል ያደግሁ ሰው፣ በሽሮዬ የተነሣ ሰው ሲሸሸኝ ሳይ አፍሬም ተናድጄም ነበር።

ጋራዡን ግን ልንገራችሁ። ወለሉ ቀለም የተቀባ ነው! ዘይት ጠብ ካለ የሚጠርግ ሰው አለ። መኪና የሚያነሡ ብረቶች ተደርድረዋል፣ አናት ላይ ኮምፒውተር ተሰቅሏል። በመጀመሪያው ቀን አንድ መኪና እይ ተባልሁና እንደ ልማዴ ታኮ ፍለጋ ጀመርሁ። ከውስጥ አጣሁ። በር ላይ ወጣሁ፤ አስፋልት። ከአስፋልቱ ማዶ ሄድሁ፤ አሸዋ። አጥሩን ዞርሁት፣ የቆሻሻ መጣያውን አየሁ፤ አንድ ጭብጥ የሚያህል ድንጋይ የለም። ደነገጥሁ። ድንጋይ የሌለበት አገር ይኖራል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም። እኛ ዘንድ ገበሬው ከእርሻው ለቅሞ የማይጨርሰው፣ ልጅ የሚደናቀፍበት፣ ቅጥሩም ቤቱም እሱ የሆነ ድንጋይ እዚህ የለም!

የሥራው አለቃ ፓኪስታናዊ ነው፤ ሁሉም ኡስታድ ይለዋል፣ ጌታው መምህሩ እንደ ማለት ነው። አሸዋው ላይ ጎንበስ ብዬ ስዞር አይቶኝ መጣ።

"ምን ጠፋህ?"

"ድንጋይ።"

"ድንጋይ ለምን?"

"መኪናው እንዳይሄድ።"

ኡስታድ ወለሉን አየ፣ መኪናውን አየ፣ እኔን አየ። ወለሉ እንደ አውድማ የተለቀለቀ ሜዳ ነው። "ወዴት ይሄዳል?" አለኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ወሬው ተዳርሶ፣ ከዚያ ወዲያ አለልኝ መባሌ ቀርቶ ስሜ "ሐጀር" ሆኖ ቀረ፤ ድንጋይ ማለት ነው።

በማግሥቱ የባሰውን አየሁ። ማታ ቆሞ የተውነው ነጭ ትልቅ መኪና ጧት ስንገባ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። አራቱም ጎማ ተነፈሰ ብዬ ሮጥሁ። ጎማዎቹ ድንጋይ መስለው ተወጥረዋል። የተቀመጠው ራሱ መኪናው ነው። ኡስታድ ገብቶ ሞተሩን አስነሣና አንድ ቁልፍ ነካ፤ ከሥሩ የሆነ ነገር እንደ ንብ ጮኸ፤ እናም መኪናው ተነሣ! ላም ስትነሣ በኋላ እግሯ አይደል የምትጀምር? እሱም በኋላው ጀምሮ፣ ከዚያ ፊቱን አነሣ። እኔ አማተብሁ። ከልቤ ነው ያማተብሁት።

ባሌስትራ የለውም። ጎንበስ ብዬ ብፈልግ፣ ብፈልግ የለም። በባሌስትራው ፋንታ በአራቱ ጎማዎች ዘንድ አራት የጎማ ከረጢቶች አሉ፤ ውስጣቸው ንፋስ ነው። ያን የሚያህል መኪና፣ ያን ሁሉ ብረት፣ ያን ሁሉ ሰው የተሸከመው ንፋስ ነው! ኮምፕረሰር የምትባል አነስተኛ መንፊያ ንፋሱን ትገፋለች፣ ቀጫጭን ቱቦዎች ይወስዱታል፣ መሐል ላይ ያለ ማከፋፈያ ለየከረጢቱ ይሰጠዋል። ፈረንጅ ያልጨረሰው ነገር የለም።

ኡስታድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀስ እያለ አስተማረኝ። "መጀመሪያ እጅህን ሰብስብና እይ" ይላል። የትኛው ማዕዘን ቀድሞ ተቀመጠ? አንድ ብቻ ከሆነ ከረጢቱን ወይም ቱቦውን ጠርጥር። ሁለቱ የፊተኞች አብረው ከወረዱ ማከፋፈያውን እይ። ጭራሽ አልነሣም ካለ ወደ መንፊያዋ ሂድ፤ ግን መንፊያዋ ተቃጠለች ብለህ አዲስ ገዝተህ እንዳትገጥም፤ ያቃጠላት የሚያፈስ ቀዳዳ አለ፣ እሱን ካላገኘህ አዲሷም ትቃጠላለች። ንፋሱ የሚያፈስበትን ቦታ እንዴት እንደሚፈልግ ሲያሳየኝ ደግሞ ልስቅ ምንም አልቀረኝ፤ ሳሙና በውሃ በጥብጦ ረጨበት! አረፋ የተነሣበት ቦታ ነው ቀዳዳው። ይህንማ ጋሼ በእኔ ልጅነት ጎማ ሲለጥፍ ሲያደርገው ነው የኖረው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ አገር የማውቀው ነገር አገኘሁ፤ የሳሙናውን ሽታ ስስብ ግቢያችን ትዝ ብሎኝ ዓይኔ እንባ ሞላ።

እየለመድሁ ሄድሁ። የአገሩ ሙቀት የከረጢቶቹን ጎማ ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ የሚቀመጥ መኪና አይጠፋም። ሐጀር ማለታቸውን ባይተዉም "ሐጀርን ጥራው፣ ሳሙናውን ያምጣ" ማለት ጀመሩ። ለእናቴ በስልክ "መኪና በሳሙና ነው የምሠራ" ብላት "እሰይ፣ ንጹሕ ሥራ አገኘህ" ብላ መረቀችኝ።

ያቺ ቀን ስትመጣ ምንም የተለየ ነገር አልነበራትም። በግራ ፊቷ የምትቀመጥ መኪና መጣች። ማንሻዎቹ ሁሉ ተይዘዋል። ሞተሯን አስነሥቼ ከፍ አድርጌ አቆምኋት፣ ሳሙና ብረጭባት ቱቦው ከረጢቱ ውስጥ ከሚገባበት ቡሎን ላይ አረፋው ይፈላል። ቀላል ነው፤ ቡሎኗን ፈትቶ፣ የቱቦውን ጫፍ ቆርጦ፣ መልሶ ማሰር ነው። እንግዲህ ሞኝነቴን ስሙት። ጥንቁቅ ልሁን ብዬ ሁለት ቁራጭ እንጨት ፈልጌ ጎማዎቹ ሥር ወተፍሁ። አማተብሁ። ገባሁ። ያ ወለል ኳስ ቢያስቀምጡበት እንኳ የማይንከባለልበት ሜዳ ነው፤ እኔ ግን የደብረ ታቦርን ቁልቁለት በታኮ አስሬ፣ ልቤን ጥዬ ቡሎኗን ፈታሁ።

ፊሽ አለ። መኪና እላዩ የሚመጣበት ሰው ይጮሃል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ እኔ አልጮህሁም፣ ምን እየሆነ እንዳለ አልገባኝምና። መኪናዋ አልተንሸራተተችም። ታኮው በቦታው ነው። እሷ ግን መጣች፣ ወደ ታች። ግራ እጄን ከብረቱ ጋር ያዘችው፣ ደረቴ ላይ ተቀመጠች፤ ትንፋሼ ወጥቶ አልመለስ አለ። ኡስታድ ክሪክ ይዞ ሲሮጥ እግሩን አየሁት። ከሥር ሲያወጡኝ በአማርኛ "ታኮ አድርጌ ነበር እኮ፣ ታኮ አድርጌ ነበር" እያልሁ እንደነበር የነገሩኝ ኋላ ነው፤ ቃሉ ሳይገባቸው በአፋቸው ይዘውት ነበር።

ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለሁ አደጋ የሚመዘግብ ሰው መጣ።

"መኪናው በምን ያህል ፍጥነት ይሄድ ነበር?"

"ቆሞ ነበር።"

"ቆሞ ከነበረ እንዴት ገጨህ?"

"አልገጨኝም፤ ተቀመጠብኝ።"

"ማን ነው የተቀመጠብህ?"

"መኪናው።"

እስክሪብቶውን አንሥቶ አስተርጓሚዋን አያት። "ይህ ሰው ጭንቅላቱንም ተመትቷል?" ብሎ ጠየቃት።

ጭንቅላቴ ደኅና ነው። ግራ እጄ ግን ከትከሻ በላይ አይነሣም፤ ዛሬም አይነሣም። ጋራዡ አላባረረኝም፤ ከመኪና ሥር መግባቱን ትቼ ሳሙና መርጨትና ኮምፒውተር ማንበብ ሥራዬ ሆነ። ቤት ስደውል ግን "ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ተሽሎኛል" አልሁ። በዚያ ሙቀት ጉንፋን! እማየ አመነችኝ። እውነቱን ያልነገርሁ ለእሷ ብቻ ብዬ አልነበረም። ለጋሼ እንዴት ብዬ ልንገረው? ታኮ አድርግና ግባ ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። ያስተማርኸኝ ነገር ነው የሰበረኝ ብዬ፣ ለቅሶውን ከመኪና ሥር ለሚደብቅ ሰው፣ በምን አፌ እላለሁ? በቪዲዮ ስንነጋገርም ቀኝ እጄን ብቻ ነበር የማወዛውዝ።

ጥር ገባ፣ የሠርግ ወር። አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ጋሼ ነው።

"አለልኝ፣ ኧረ ጉድ ፈልቷል!" አለኝ። ጋሼ እንዴት ሰነበትህ ሳይል ወሬ የሚጀምር ሰው ስላልሆነ ክው አልሁ።

"ምን ሆናችሁ? እማየ ደኅና ናት?"

"አለች፣ ይኸው ስልኩን የያዘችልኝ እሷ ናት፣ እጄ ዘይት ሁኖ። የሙሽራ መኪና በራችን ላይ ተቀመጠ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባሕር ዳር የተከራየች ጥቁር መኪና፣ በአበባ አሸብርቃ፣ ሙሽራይቱን ከገሳይ ልታመጣ ስትሄድ በራችን ላይ አረፍ አለች፤ ስትቆም በቀኝ ፊቷ ተንበረከከች። ሚዜዎቹ በሙሉ ልብስ መንገድ ላይ ፈስሰዋል። የሙሽራው አጎት ከኋላ ሲጮኹ ይሰማኛል፤ "ሙሽራ ሳትነሣ መኪናው ከተቀመጠ ምልኪው ደግ አይደለም!"

"ይቆዩ አባ፣ ወንድሜ አረብ አገር የዚህችው ሐኪም ነው" አላቸው ጋሼ።

ወገኖቼ፣ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ደስታ አልደብቃችሁም። ጋሼ እኔን ጠየቀ! ከአልጋዬ ላይ ወርጄ ቆሜ ነበር የማወራው።

"ሞተሩን አስነሡና ከፍ የምታደርገውን ቁልፍ ይጫናት ሹፌሩ" አልሁ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ የእማየ ድምፅ፣ "ወይ ጉዴ! ተነሣች! እንደ ላም ተነሣች!" አለች፤ ሴቶቹም ለመኪናው እልል አሉለት። ሳሙና በጥብጣችሁ የቀኝ ፊቱን ርጩበት አልሁ። ረጩበት።

"አየኋት!" አለ ጋሼ። "ቱቦዋ ከምትገባበት ቡሎኗ ላይ ትንተከተካለች።"

ድምፁ ተለውጦብኛል። ታፍኗል፣ ይጎላል፣ ከሩቅ ይመጣል። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ያደግሁበት ድምፅ ነው።

"ጋሼ፣ የት ነህ?"

"የት እሆናለሁ፣ ከሥሯ ነኛ።"

"ውጣ።"

"ይችን ቡሎን ፈትቼ..."

"አትንካት! ውጣ ጋሼ! ንፋሱ ከወጣ ትወርዳለች!"

"ወዴት ትወርዳለች? አራቱንም ጎማ ታኮ አድርጌያታለሁ።"

"ወደ ታች ነው እኮ የምትወርደው፣ ወደ ታች!"

ሳቀ። "አረብ አገር ሂደህ ፈሪ ሆንህ? ከመኪና ሥር መግባትን ማን ሁኖ ነው ያስተማረህ?"

"ባሌስትራ የላትም ጋሼ፣ ንፋስ ነው የተሸከማት!"

"ኧረ ፍጠኑ፣ ፀሐዩ ሄደ!" ይላሉ የሙሽራው አጎት። ቁልፉ ብረት ላይ ሲያርፍ ቅጭል አለ፤ ቡሎኗን ማላላት ጀምሯል። በቤታችን ጋሼን የሚያዝ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ባሕር ማዶ ነኝ፣ የማቆመው በአፌ ብቻ ነው። አፌ ላይ ያለው ደግሞ ያ የደበቅሁት ነገር ነው። ስልኩን የያዘችው እማየ ናት። ለጋሼ የምናገረው ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው።

"እኔ ላይ ወድቃለች!" አልሁ። ጮህሁ። "ታኮ አድርጌ ገብቼ፣ ቡሎኗን ፈትቼ ደረቴ ላይ ወድቃለች! ግራ እጄ አይነሣም! ጉንፋን ያልኋችሁ ውሸት ነው፣ ሆስፒታል ነበርሁ! ጋሼ፣ በእግዜር ውጣ!"

ቅጭልታው ቆመ። ከዚያ ጠጠር ላይ የሚጎተት ሰውነት ሰማሁ። ከዚያ የላላችው ቡሎን ለቀቀች፤ ፊሽ። ያን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መካከል አውቀዋለሁ። ሰዉ ሁሉ ባንድ ላይ "ወይኔ!" አለ፤ ስልኩ መሬት ወደቀ።

"ጋሼ! ጋሼ! እማየ!"

የሚመልስልኝ የለም፤ ጫጫታ ብቻ። ታችኛው አልጋ ላይ ካለው ሰው በቀር ክፍሉ ባዶ ነው፤ ሰውየውም ተነሥቶ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

"ወጥቻለሁ" አለ ጋሼ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝሁት።

"አንድ ጫማዬ ሥሯ ቀረ" አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። "እግሬ ነበር እዚያ።"

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። አለቀስሁ፣ ሳቅሁም መሰለኝ። እሱ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ቆይቶ ቆይቶ፣ በዝግታ፣ "ታኮ አድርገህ ነበር?" አለኝ።

"አድርጌ ነበር ጋሼ። እንዳስተማርኸኝ።"

ስልኩን ማንም አልዘጋውም። እማየ አንሥታ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው ነጠላዋ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። እንደምታለቅስብኝ፣ ለምን ደበቅኸኝ እንደምትል፣ ና ተመለስ እንደምትል ጠብቄ መልሴን እያሰናዳሁ ነበር።

"አለልኝ" አለችኝ።

"አቤት እማየ።"

"ሥሯ የምታስገባው ድንጋይ የለም ወይ ያ አገር?"



"የለም እማየ" አልሁ። "አሸዋ ነው።"

ከኋላዋ ጋሼ ሰዉን ሲያዝ ሰማሁ፤ "በክሪክ አንሡልኝ! ጎማው ሥር አይደለም፣ ሆዷ ሥር! ትልቁን ድንጋይ አምጡ!" ይላል። ሚዜዎቹ በሙሉ ልብሳቸው ድንጋይ ከቅጥራችን እየናዱ ማቀበል ጀመሩ። የቅጥራችን ድንጋይ መሬት ላይ ሲያርፍ ድምፁ ድም፣ ድም ይላል፤ እማየ ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ ወደዚያው ዘርግታልኝ ኖሯል። ካርዱ አልቆ እስኪቋረጥ ድረስ እሱን ስሰማ ቆየሁ።